ውጅግራ፣ ቬተርሊና ቤልጅግ፦ ብረቱ ምን ይመሰክራል?



የአድዋ ነገር በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ክርክር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ጣልያን የተሸነፈው መሣሪያው የማይረባ ስለነበረ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ምኒልክ ያሸነፉት አውሮጳውያን ምርጥ ጠመንጃ ስለሸጡላቸው ነው» ይላል። ሁለቱም ሳያውቁት አንድ ሥራ ይሠራሉ። ድሉን ከተዋጊው እጅ ነጥቀው ለፋብሪካ ያስረክባሉ። በበኩሌ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። መካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ በማስተርስ የተማርኩትም ሆነ እንጀራ የምበላበት ሥራዬ የብረት ውጤቶችን ጥራት መመርመር ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ብረቱን ራሱን ምስክር ላቅርብ።

ምስክሩ ደግሞ እደጃችን ድረስ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የፈረንሳይ፣ የጣልያን፣ የቤልጅግ፣ የእንግሊዝ ሥራ ሁሉ አለበት። እኔም አንዳንዶቹን በመሣሪያ ትርዒቶች ላይ አገላብጬ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

ከውጅግራ እንጀምር። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ግራ» የነደፈው የጦር መኮንን ስም ነው። የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ነው፤ የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንደገና መጉረስ አለበት። በሥራው ጥራት የሚታማ አይደለም። ክፍሎቹ ጥቂትና ወፍራም ናቸው፤ በቀላሉ ይፈታል፣ ይጸዳል፣ ይገጠማል። ታዲያ ፈረንሳይ ይህን የመሰለ መሣሪያ ለምን ለገበያ አወጣችው? መልሱ እ.ኤ.አ. በ1886 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌቤልን ስትታጠቅ ውጅግራ ጊዜው አለፈበት። ወደ እኛ የመጣው በደንብ የተሠራ፣ ነገር ግን ባለቤቱ የጣለው ዕቃ ነበር።

የባሰም ነበር። ገጣሚው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ ድረስ ያመጣው ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ከውጅግራም በፊት ጊዜው ያለፈበት ነበር። ምኒልክ ግን የዋዛ ገዢ አልነበሩም። ራምቦ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ፣ ሲያማርር ነው የተመለሰው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

አሁን ወደ ጣልያኑ እንሂድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አብዛኛው የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር የያዘው አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን ቬተርሊ ቪታሊን ነበር። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1870 አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሆኖ ተሠርቶ፣ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። ቬተርሊን ቀርቦ ያየ መሐንዲስ ሊንቀው አይችልም። መቀርቀሪያው ከኋላ በሁለት ጥርሶች ይቆለፋል፤ የብረቱ አሠራርም ንጹሕ ነው። አራት ጥይት የያዘ ሰው ከአንድ አንድ ከሚያጎርሰው ባለውጅግራ ይልቅ በተኩስ ፍጥነት ይበልጣል። እንግዲህ «ጣልያን በመሣሪያው ድክመት ተሸነፈ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። «የምኒልክ ጦር በምርጥ ጠመንጃ አሸነፈ» የሚለውም አብሮት ይወድቃል።

ታዲያ የጣልያን ጠመንጃ መጥፎ ስም ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠመንጃ ስላጠራት ጣልያን አሮጌውን ቬተርሊ ቱቦውን አስፍታ፣ በውስጡ ሌላ ጠባብ ቱቦ አስገብታ፣ የካርካኖን የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ አደረገችው። ለጥቁር ባሩድ ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ብረት የጭስ አልባ ባሩድ ግፊት እንዲሸከም ተፈረደበት። ይህ የሠራተኛው ጥፋት ሳይሆን የጥድፊያ ውሳኔ ነው። ከኢትዮጵያ ከወጡት መካከል ይህ ዓይነቱ ስላለ፣ የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት እንጂ አትተኩሱበት።

ሁለተኛ፣ የካርካኖ ቱቦ ከሌሎች የ6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች ትንሽ ሰፋ ይላል። አሜሪካዊው ተኳሽ ለሌላው የተሠራውን ቀጭን እርሳስ ይጨምርበትና ዒላማውን ሲስት «የጣልያን ዕቃ!» ብሎ ይሳደባል። በልኩ የተሠራ እርሳስ ሲሰጠው ግን በደንብ ይመታል።

በሦስተኛ ደረጃ የማነሳው አባቶቻችን «ቤልጅግ» የሚሉትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ሊዬዥ አጠገብ ሄርስታል ላይ የተቋቋመው ፋብሪካ፣ የጀርመኑን ማውዘር በፈቃድ ይሠራ ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከጣልያን ወረራ በፊት ካስገባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ከፊት ሁለት ጥርሶች ይቆልፉታል፤ ሦስተኛው ከኋላ ለክፉ ቀን ተቀምጧል። ቀለህ ቢፈነዳ ጋዙ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለው። ከሁሉም በላይ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። ውጅግራው የሌላ ሰው ትርፍ ነበር፤ ቤልጅጉ ግን በስማችን የታዘዘ አዲስ ዕቃ ነው። ልዩነቱን እጅ ላይ ስታነሱት ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ተነስተን «ቤልጅግ ጎበዝ፣ ጣልያን ሰነፍ» እንበል? አይደለም። የጀርመን ማውዘር በሰላሙ ዘመን እንደ ሰዓት የተሠራ ነበር፤ በ1944 እና በ1945 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ግን ክፍሎቹ ከቆርቆሮ ተጨፍልቀው ወጥተዋል። ሩስያ በ1942 የሠራችው ሞሲን ላይ የመሞረጃው ጭረት እንዳለ ይታያል። የጃፓኑ አሪሳካም መጨረሻው ላይ እንዲሁ ሆነ። አገሩም ሞዴሉም ያው፣ ጥራቱ ግን ሌላ! ጥራት የሚገኘው ከዘር ሳይሆን ከጊዜ፣ ከተቆጣጣሪና ዕቃውን ለማን እሠራለሁ ብሎ ከማሰብ ነው።

ካየኋቸው ውጅግራዎች የአንዱ ሰደፍ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ጠፍሩ ደርቆ ብረት ሆኗል። ያ ጥገና በሴንት ኤትየን የተሠራ አይደለም። ፈረንሳይ የጣለችውን መሣሪያ ለውጊያ ያበቃው፣ ስሙ የትም ያልተመዘገበ የአገራችን ባለሙያ ነው። አሜሪካዊ ሰብሳቢ ግን ጠፍሩን «ቆሻሻ» ብሎ ፈትቶ ሊጥለው ይችላል፤ በዚያች ደቂቃ አንድ የታሪክ ገጽ ይቀደዳል።

ስለዚህ በየአገሩ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቢያጋጥማችሁ መግዛት ባትፈልጉ እንኳ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ጥገናውን በባለቤቱ ፈቃድ ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ፣ ለሚያጠኑ ሰዎች አስተላልፉ። ብረቱ ከአገር ወጥቷል፤ ምስክርነቱ ግን አብሮ እንዲጠፋ መፍቀድ የለብንም።

ቸር ይግጠመን።