ስለ አቶም አስኳል ታናሽነትና ክብደት

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆሴፍ ጆን ቶምሰን በ1897 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ኤሌክትሮንን ካገኘ በኋላ፥ አቶም እንደ ሊጥ ያለ አካል እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሮኖቹም እንደ ዘቢብ በውስጡ ተበትነው እንደሚገኙ ያስተምር ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1909 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ። የመምህሩን ቃል ለማፍረስ አላሰበም። የሃያ ዓመት ተማሪ ለነበረው ለኧርነስት ማርስደን ግን የልምምድ ሥራ ሲፈልግለት፥ ከሃንስ ጋይገር ጋራ ሆኖ አልፋ የሚባሉት ቅንጣቶች ከሥሥ ማዕድን ላይ ነጥረው ይመለሱ እንደ ሆነ እንዲመረምር አዘዘው።

ሥራው ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ተመልካቹ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ በጨለማ ክፍል ይቈያል፤ ከዚያም በማጉያ መነጽር እያየ በዚንክ ሰልፋይድ ሰሌዳ ላይ የሚበራውን ኢምንት ብልጭታ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ራዘርፎርድ አንዳች ይገኛል ብሎ አልጠበቀም ነበርና፥ ከፕላቲን ላይ ከ8,000 ያህል ቅንጣት አንዱ ወደ መጣበት መመለሱን በሰማ ጊዜ እጅግ ተደነቀ። ኋላም ነገሩን በሥሥ ወረቀት ላይ የተተኰሰ የመድፍ ጥይት ወደ ተኳሹ ከመመለሱ ጋር አመሳሰለው።

ሊጥ የመሰለ አቶም እንዲህ ያለውን ፈጣን ቅንጣት ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ራዘርፎርድ በ1911 ባወጣው ጽሑፍ የአቶሙ ክብደት፥ ከጥቂት በቀር፥ በመካከሉ ባለች እጅግ ታናሽ ስፍራ የተከማቸ መሆኑን ገለጠ። ይህችም በአማርኛ አስኳል ትባላለች። የወርቅ አስኳል ስፋቷ አንድ ሚሊሜትር የሆነች የጤፍ ፍሬ ብታህል፥ አቶሙ ወርዱ 20 ሜትር ያህል አዳራሽ ይሆናል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሉት 79 ኤሌክትሮኖች ክብደታቸው ቢደመር የጤፏን ክብደት ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አያህልም።

ይሁን እንጂ አልፋ ቅንጣት በወርቅ አስኳል ኀይል ተገፍቶ ሳይነካት ይመለስ ስለ ነበረ፥ ራዘርፎርድ ያወቀው ከዚህ አትበልጥም የሚለውን ወሰን ብቻ ነው። እውነተኛውን መጠን ከ1950 በኋላ ባሉት ዓመታት አጥርቶ የለካው አሜሪካዊው ሮበርት ሆፍስታተር ነው፤ እርሱም በስታንፎርድ ፈጣን ኤሌክትሮኖችን ወደ አስኳል እየላከ መረመረ፤ በ1961ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ከታናሽነቷ ይልቅ የሚያስደንቀው እርሱ ያረጋገጠው ነገር ነው፤ ይኸውም የካልሲየምም ሆነ የወርቅ አስኳል ውስጧ እኩል የታመቀ ነው፤ ጫፏ ግን በድንገት ሳያልቅ ቀስ በቀስ ይሣሣል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን፥ በዚያው ልክ የአስኳል አካል ቢሰበሰብ 230 ሚሊዮን ቶን ያህል ይመዝን ነበር።

ይህን የመሰለ ክብደት በምድር ላይ ከአስኳል በቀር አይገኝም። በሰማይ ግን ጆስሊን ቤል በ1967 በሬዲዮ መሣሪያ ያገኘችው ኮከብ ከዚህ ወገን ነው፤ እንዲህ ያሉት የኒውትሮን ከዋክብት ወርዳቸው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ብዙዎቹ ከፀሐይ ይከብዳሉ።