ሁሉን ቀማሽ

ይህ ተረት አይደለምና «የላም በረት» አትበሉኝ። የራሴን ጉድ ነው የማወጋችሁ።

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ መደርደሪያዬን አይቶ ግራ ይጋባል። የወፎች መጽሐፍ አለ፣ የቅኔ መድበል አለ፣ የኢኮኖሚ መጽሐፍ አለ፣ ከጎናቸው ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሸክላ ተደግፎ ቆሟል። «ለመሆኑ አንተ የምን ሰው ነህ?» ትለኛለች የአክስቴ ልጅ። ምን ልበላት? የጸናሁት በምግብ ብቻ ነው፤ ሽሮ ካለ ሌላ አልጠይቅም።

ግን ስሙኝማ፤ ይህ ዝብርቅርቅ ክር አለው። የምወዳቸውን ሰዎች አንድ ማዕድ ላይ ባስቀምጣቸው ሳይጣሉ የሚነሱ አይመስለኝም። ሁሉም ግን በራሳቸው ጭንቅላት ያሰቡ ናቸው።

ከቅኔ ቤት ልጀምር። የቆሎ ተማሪ ሲባል ብዙ ሰው ሸምዳጅ ብቻ ይመስለዋል። በንባቡና በዜማው እውነትነት አለው። ቅኔ ቤት ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪው ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ላላት ለጉባኤ ቃና ሲል ከራሱ ጋር ሲሟገት ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ይቀርባል። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይታረማል። የሌላውን ሰርቆ ያቀረበማ መሳቂያ ነው፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና። ሕጉ እንዲህ ጠብቆ ሳለ በየቀኑ አዲስ ነገር አምጣ የሚል ትምህርት ቤት! እኔ በተማርኩበት «ዘመናዊ» ትምህርት ቤት ግን አስተማሪው ያጻፈንን ቃል በቃል ካልመለስን ነጥብ አልነበረም።

አሁን ወደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ጥቂት እንቀመጣለን። አድዋ አካባቢ የተወለደ ልጅ ነው። ምጽዋ ወደብ የቆመ የጀርመን መርከብ ላይ ተደብቆ ይቀራል፤ መርከቡም ይዞት ይሄዳል። ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አሳደገው፤ በርሊን ገብቶ ሕክምና ተማረ። እዚያው ቢቀር ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ተመለሰ። ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገለ፣ ኋላም ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ሆነ።

ጉምሩክ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን አስቡት። ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ አቡጀዲ ይገባል። ሌላ ሹም ቢሆን ቀረጡን ቆጥሮ ቤቱ ይገባ ነበር። ገብረ ሕይወት የቆጠረው ድካም ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ልፋቱን ዕውቀት ባለው ሕዝብ የጥቂት ጊዜ ሥራ ይለውጣል፤ እንዲህ ባለ ገበያ ንግድ ስለ ደራ ብቻ አገር አይከብርም አለ። ሰው ሁሉ የባቡሩን ፉጨት እያደነቀ፣ እሱ ባቡሩ ምን ጭኖ ወጥቶ ምን ጭኖ እንደሚመለስ ጠየቀ።

ከዚህም በላይ የሚደንቀኝ ድፍረቱ ነው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ላይ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን የምኒልክ ታሪክ አዳልቷል ብሎ ይነቅፋል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማዳላት የለበትም ባይ ነው። ንጉሡን ባመሰገነበት ብዕር ጉድለታቸውንም ይጽፋል። ሁሉንም እቀበለዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ አውሮፓን ሲያደንቅ ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግበት ቦታ ያለ ይመስለኛል። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ቀጠፈው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ሰው ነጭ ሲል ጥቁር የሚለውን ሁሉ የምወድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ምንም ብትሉት ይቃወማል። ቢሾፍቱ ልትወስዱት ከፈለጋችሁ «ቢሾፍቱ አንሄድም» ማለት ይበቃል፤ ቀድሟችሁ መኪና ውስጥ ይገኛል። እንደ እሱ በቀላሉ የምትነዱት ሰው የለም። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት እንዲህ አልነበሩም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለንጉሥ አንሰግድም ሲሉ ምክንያታቸውን ከመጽሐፍ እየጠቀሱ ነው። ዋጋውንም በግርፋትና በስደት ከፍለዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም እዚሁ አስቀምጡልኝ። ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ የትልቅ ሰው ልጅ ናቸው። ለንደን ሄዶ የመማሩ ነገር ሳይሳካ ሲቀር ምናኔን መርጠው ግሸን ማርያም ገቡ፤ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኋላ ግን ወደ ፒያኖው ተመለሱ። ግራ እጃቸው ረጋ ብሎ ሲሄድ ቀኙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዲቷን ድምፅ እንደ ማህሌት ዜማ ያንቀጠቅጣታል፣ ከዚያ ሮጦ ይደርሳል። የአውሮፓ ሙዚቃ ነው እንዳትሉት ቅኝቱ የእኛ፣ የእኛ ነው እንዳትሉት ደግሞ መልሶ ያመልጣችኋል። ምግብ ስሠራ እሳቸውን መክፈት ትቻለሁ፤ ሽንኩርት ያርርብኛል።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሳልጠራ ብሄድ ደግሞ ይቆጨኛል። ሐረር ተወልዶ፣ እርሻ መማር ጀምሮ የተወ፣ ጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ የመጣ ነው። ረቂቅ ሥዕሉን «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ላሉት ሁሉ ሲል የሚያውቁትን መልክ አልሣለላቸውም። በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግጥሞቹ ነው። እኔ ሥዕሎቹን አስበልጣለሁ። ይህን ስል ገጣሚ ወዳጆቼ ይቆጣሉ። ይቆጡ።