ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሜሞሪ

የሳጥን ቁልፍ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ረስታችሁ ቆልፋችሁ ታውቃላችሁ? ኮምፒውተርም እንዲህ ዓይነት ጉድ ይገጥመዋል። የሊኑክስ ሰዎች ቁልፏን ከሳጥኑ ውጭ ለማስቀረት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ፈጣኑ ሜሞሪው ትንሽና ውድ ነበር። ከጎኑ ግን ስድስት እጥፍ የሚይዝ፣ ቀርፋፋ የማግኔት ከበሮ ይሽከረከር ነበር። መሐንዲሶቹ ዘዴ ዘየዱ፦ ለጊዜው የማይፈለገው ዳታ ወደ ከበሮው ይውጣ፣ ሲፈለግ ይመለስ። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ሰፊ ሜሞሪ ያለው ይመስለዋል። ዛሬ ስዋፕ የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ወሬው ካሊፎርኒያ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ሰን ማይክሮሲስተምስ፣ ዲስክ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ጭራሽ ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ይሸጥ ነበር። ፋይሉ በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በኔትወርክ ይጠቀሙበታል። ሩቅ ያለውን ፋይል እንደ ራስ ፋይል የሚያስከፍተው ኤንኤፍኤስ የተሠራውም ያኔ ነው። ታዲያ ዲስክ የሌለው ማሽን ሜሞሪው ሲሞላ ወዴት ያውጣ? ያው ወደ ሰርቨሩ ነዋ!

ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሜሞሪ ሞልቷል እንበል። ቦታ ለማስለቀቅ ዳታ ወደ ሰርቨሩ መላክ አለበት። ለመላክ ፓኬት መሥራት ያስፈልጋል፤ ፓኬት ደግሞ ሜሞሪ ይበላል። እሺ፣ እንደምንም ተላከ። ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ብሎ ሲመልስ መልሱ የሚያርፍበት ሜሞሪ ይፈልጋል። የለም! ማሽኑ ራሱ ሊቀበለው የማይችለውን መልስ ሲጠብቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የተበላሸ ዕቃ የለም፣ ግን ሁሉም ነገር ቆሟል። የራስ ዲስክ ቢሆን መንገዱ አጭር ስለሆነ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። በኔትወርክ በኩል ግን ምን፣ መቼ፣ ስንት ፓኬት እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ሊኑክስ ላይ ይህን ለመፍታት ፒተር ዛይልስትራ ዓመታት ደከመ። ሥራውን ሜል ጎርማን ተረክቦ ገፋበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሊኑክስ 3.6 ውስጥ ገባ።

መፍትሔው እናቶቻችን ጓዳ ያለ ዘዴ ነው፦ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ። ከርነሉ ድሮም ቢሆን ማንም የማይነካት ጥቂት ሜሞሪ ነበረችው። ከሷ የሚበደረው ሌላ ሜሞሪ የሚያስለቅቅ ብቻ ነው። አሁን ይህች ስንቅ ለኔትወርኩም እንድትደርስ ተደረገ።

አንድ ችግር ግን ቀረ። የመጣው ፓኬት የሰርቨሩ መልስ ይሁን ወይስ አንዱ የሚያወርደው ቪዲዮ፣ ሳይቀበሉ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በክፉ ቀን የመጣ ፓኬት በመጠባበቂያው ሜሞሪ ይገባል፣ ይታያል። የስዋፕ ከሆነ ያልፋል፤ ካልሆነ እዚያው ይጣላል። ጭካኔ ይመስላል አይደል? ግን ቲሲፒ «ደርሶኛል» እስኪባል ደጋግሞ ይልካል፤ የተጣለው ቆይቶ ይመጣል። የስዋፑ መልስ ማረፊያ ካጣ ግን ሁሉም እንደቆመ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰርቨሩ ከጠፋ ወይም ገመዱ ከተነቀለ መጠባበቂያው አያድንም። ደህንነቱ ማሽኑ በገዛ እጁ ራሱን እንዳይቆልፍ ብቻ ነው።

ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። ብዙዎቹ ስልኮች ሜሞሪ ሲያጥር ዳታውን ጨምቀው እዚያው ሜሞሪ ላይ መልሰው ያስቀምጣሉ። ለመጭመቅስ ቦታ ከየት ይመጣል? ያው የድሮው እንቆቅልሽ ነው፤ መልሱም ያው፦ ሳይሞላ በፊት ትንሽ ማስቀረት።