የጌቶቹ ጋዝ፣ የልጆቹ ማስቲሽ

ከቢዮ አዋሌ ለገበያ ድሬዳዋ የመጣ ሰው ቀፊራ ሲደርስ እጅጌውን አፍንጫው ላይ የለጠፈ ልጅ ሊያይ ይችላል። እጅጌው ውስጥ ትንሽ ፕላስቲክ አለ፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ማስቲሽ፣ ያው ጫማ ሰፊው ሶል የሚያጣብቅበት። «ዱርዬ» ብለን እናልፋለን።

የሚሸት ነገር ስቦ መስከር ግን በድሃ ልጅ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1799 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ሃምፍሪ ዴቪ የተባለ የ20 ዓመት ኬሚስት ናይትረስ ኦክሳይድ መሳብ ጀመረ። ገጣሚዎቹ ሳውዚና ኮልሪጅም ከሐር ከረጢት እየሳቡ ተደሰቱ። ጋዙም «የሚያስቅ ጋዝ» ተባለ። በ1802 ካርቱኒስቱ ጀምስ ጊልሬይ አንድ የተከበረ ሰው ጋዙ ከሱሪው ኋላ ሲፈነዳበት ሣለ፤ ለንደን ሳቀች። ዱርዬ ያላቸው ግን የለም። ዴቪ ራሱ በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ጋዙ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሕመም ሊያስታግስ እንደሚችል ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እስኪሞክረው ድረስ 44 ዓመት አለፈ! ሰው በቁሙ እየተቀደደ ጋዙ የመዝናኛ ዕቃ ነበር።

ሙጫም እንዲሁ ቀልድ ሆኗል። የኒውዮርኮቹ ራሞንስ በ1976 ዘፈኑለት። በ1980 «ኤርፕሌን!» የተባለው ኮሜዲ ውስጥ የአየር ተቆጣጣሪው ሙጫ ማሽተት ለማቆም የተሳሳተ ሳምንት መረጥኩ ይላል፤ ተመልካች እስከ ዛሬ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ።

ሙጫው የጎዳና ልጅ እጅ ሲገባ ግን ኮሜዲው ያበቃል። የብራዚሉ «ፒሾቴ» እና በ2000 የወጣው የካዛብላንካው «አሊ ዛውዋ» ሙጫ የሚስቡ ልጆችን አሳዩን። የሁለተኛው ፊልም ልጆች ራሳቸው ከጎዳና የተገኙ ነበሩ። ፒሾቴን ሆኖ የተወነው ፈርናንዶ ራሞስ ዳ ሲልቫ ከሳኦ ፓውሎ ድሃ ሰፈር የተመረጠ ልጅ ነው። ፊልሙ በዓለም ተጨበጨበለት፤ ልጁ ግን ወደ ድህነቱ ተመለሰ። በ1987 ፖሊሶች ተኩሰው ገደሉት። 19 ዓመቱ ነበር።

የእኛ ፊልሞችስ? እኔ ባየኋቸው ውስጥ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ መንገድ ዳር ይታይና ካሜራው ያልፈዋል። ስምም የለው። ልጆቹን ብትጠይቋቸው ግን የሚነግሯችሁ ስለ ደስታ አይደለም፤ ረሃብ ያስረሳል ነው የሚሉት። ማሟሟቻው በሳንባ በኩል ፈጥኖ አንጎል ይደርሳል፤ አንዳንዴም ልብን በድንገት ያቆማል።

አሜሪካ ውስጥ ቴስተር የተባለ የመጫወቻ ሙጫ አምራች በ1969 ልጆች እንዳይስቡት የሚያቃጥል የሰናፍጭ ዘይት ጨመረበት። የእነዚያ ልጆች ወላጆች ጮኸው የሚሰማላቸው ነበሩ።

በቅርቡ ጫማዬን የሰፋልኝ ሰው የማስቲሹን ጣሳ በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ይሠራል። እንዳይሰረቅብህ ነው? አልኩት። «ኧረ አይደለም ወንድሜ፤ እነዚህ ልጆች አያድሩበትም ብዬ ነው» አለኝ።