የእናት ደረት፦ ከባንኮ ጎቲቲ እስከ ጥቁር አንበሳ የአራስ ሕፃን ሙቀት ታሪክ

ስለ አራስ ሕፃን እንክብካቤ ብዙዎቻችሁ ትጠይቃላችሁ። ዛሬ መልሱን በታሪክ በኩል ላምጣው። ምክሩ ከየት እንደመጣ ያወቀች እናት፣ ጎረቤት ሌላ ነገር ሲነግራት በቀላሉ ግራ አትጋባም።

ከባንኮ ጎቲቲ እንነሳ። በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ የምትገኝ ቀበሌ ናት፤ ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው በቡናዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቦታዎች በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ጎቲቲም በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ተጠልለውባት ነበር። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በዚያ ያሉ ሕፃናትና እናቶች የገጠማቸው የምግብ እጥረት በአገር ውስጥም በውጭም መነጋገሪያ ሆነ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና ጀመረ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ቦታው ድረስ ሄደው ተፈናቃዮቹን አነጋገሩ።

እርግዝና ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ያን ያህል ሕዝብ በተጠለለበት ቦታ እናቶች ይወልዳሉ፤ አንዳንዱም ሕፃን ያለ ጊዜው ይመጣል። ሙቀት ክፍል በሌለበት፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት፣ እናትም በተራበችበት ቦታ አራስ ሕፃን በምን ይተርፋል? መልሱን ለማግኘት ሕክምና ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ከጫጩት ማስፈልፈያ የመጣው ሳጥን

እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ስቴፋን ታርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም በፓሪስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ጫጩት የሚፈለፈልበት የሙቀት ሳጥን አየ። «ጫጩትን ካሞቀ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃንን ለምን አያሞቅም?» ብሎ ለሕፃናት የሚሆን አሠራ። እኛ «ሙቀት ክፍል» ስንል የምናስበው ኢንኩቤተር ጅማሬው ይህ ነው። ሳጥኑ የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም አንድ መዘዝ አመጣ፤ ሕፃኑ በመስታወት ውስጥ፣ እናቱ ደግሞ ከበር ውጭ ሆኑ። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች እናት ትንሽ ልጇን በመስኮት ብቻ የምታይበት ጊዜ ነበር።

ቦጎታ፦ ሳጥኑ ሲያጥር

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ በሚሠሩበት የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ኢንኩቤተር አልበቃ አለ። ሁለትና ሦስት ሕፃን በአንድ ሳጥን ይተኛ ስለነበር ኢንፌክሽን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመት ጀመር። ሐኪሙ ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርገው በጨርቅ አሰሩላቸው። ካንጋሩ የተባለችው እንስሳ ልጇን በኪሷ ይዛ እንደምታሳድግ ስለሚመስል ዘዴው «የካንጋሩ እንክብካቤ» ተባለ።

ጥቁር አንበሳ፦ የእኛው ማስረጃ

ታሪኩ ወደ አገራችን ሲመጣ ደስ የሚል ምዕራፍ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2002 ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው ክብደታቸው ከ2,000 ግራም በታች የሆነ 123 ሕፃናትን ይዘው በአዲስ አበባ ጥናት አደረጉ። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ፣ ግማሾቹ ደግሞ በተወለዱ በአማካይ በአሥር ሰዓት ውስጥ፣ ሁኔታቸው ሳይረጋጋ በፊት ጀምሮ በእናታቸው ደረት ላይ እንክብካቤ አገኙ። በተለመደው መንገድ ከተያዙት ውስጥ 38 በመቶው ሲሞቱ፣ በካንጋሩ እንክብካቤ ሥር የነበሩት ግን 22.5 በመቶ ነበሩ።

ያኔ ብዙ ሐኪም «መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ለእናቱ ይሰጣል» ይል ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,200 በላይ ትንንሽ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ወደዚያው መደምደሚያ ደረሰ፤ ሞቱ ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ላነሰ ሕፃን እንክብካቤው ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ እንዲሰጥ መከረ።

ለምን ይሠራል?

አራስ ሕፃን እርጥብ ሆኖ ይወለዳል፤ እርጥበቱ ሲተን የሰውነቱን ሙቀት ይወስድበታል። ትንሽ ሕፃን ሲሆን ደግሞ ሙቀት የሚያመነጭለት ስብ ገና አልተጠራቀመለትም። ሲበርደው ያለችውን ጉልበት ለማሞቂያ ይጨርሳል፤ ለመጥባት ይደክማል፤ ሳይጠባ ሲቀር ደግሞ የባሰ ይቀዘቅዛል። የእናት ደረት ይህን አዙሪት ይሰብራል፦ ሙቀት ይሰጣል፣ ጡትም እዚያው ነው።

የእኛ ቤት ታሪክ

በብዙ የአገራችን አካባቢ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት (እንገር) «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይታለባል፤ ሕፃኑ ቅቤ ይልሳል ወይም ስኳር ውኃ ይሰጠዋል፤ እንደተወለደም ይታጠባል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ከፍቅር ነው። ዛሬ የምናውቀው ግን እንገር በሽታ ተከላካይ እንደሆነ፣ ቅቤና ውኃ ደግሞ ጀርም ሊያስገቡ እንደሚችሉ ነው።

የሐኪሞች ምክርም ተለውጧል። «ከአራት ወር ጀምሮ ምግብ አስጀምሩ» የተባላችሁ አያቶች አልተሳሳታችሁም፤ የያኔው ምክር ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የእናት ጡት ወተት ብቻ የሚለው የዓለም ጤና ጉባኤ ምክር የጸናው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ምክሩ በየቀበሌው መድረስ ጀመረ። ለነፍሰ ጡሮች በሚሰጠው ክትባትና በንጹሕ ወሊድ ምክንያት የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ እ.ኤ.አ. በ2017 በአገራችን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ወረደ። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ብቻ ነው የቀነሱት፤ በ2019 ደግሞ 33 ተመዝግቧል። እንግዲህ የቀረን ሥራ በእነዚያ 28 ቀናት ላይ ነው።

ታሪኩ ለእናንተ ቤት ምን ይላል?

✅ ሕፃኑ እንደተወለደ በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ ከላይ ይሸፈን፤ ኮፍያና ካልሲ ይደረግለት። አፍንጫው እንዳይታፈን ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ ቀና ይበል። እናት ከደከመች አባት ወይም አያት መተካት ይችላሉ።

✅ ለመታጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። በዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል አታሙቁት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

✅ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እንገሩን አትድፉት። በቀንና በሌሊት በድምሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሳል።

✅ እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቅቤም፣ አመድም፣ እበትም አይነካው። የጤና ባለሙያ ክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጣችሁ ለእትብቱ ብቻ ነው፤ ዓይን ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ።

✅ እናትን አብሉ። «የተራበች እናት ወተት የላትም» እየተባለ ጡጦ ይጀመራል። እናት በጣም ካልተጎዳች በቀር ወተቷ ልጇን ይመግባል። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ጡጦ ለሕፃኑ ከረሃብ ያላነሰ አደጋ ነው። የቡላ ገንፎና ቆጮ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን አነስተኛ ስለሆነ ባቄላ፣ ጎመን፣ እንቁላል ወይም ወተት ጨምሩበት።

ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦

🚨 ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ከደከመ
🚨 በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ
🚨 ካንቀጠቀጠው ወይም ሰውነቱ ከዛለ
🚨 ካተኮሰው፣ ወይም እጅና እግሩ ብቻ ሳይሆን ሆዱም ከቀዘቀዘ
🚨 በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ መዳፉና እግሩ ሥር ከደረሰ
🚨 እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ

በመንገድ ላይም ደረታችሁ ላይ እንደታቀፈ ይሂድ፤ ጡትም እየሰጣችሁት።

የካንጋሩ እንክብካቤ የሆስፒታልን ሕክምና አይተካም። በጣም ያነሰ ወይም የታመመ ሕፃን ኦክስጅንና መድኃኒት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከገጠር ጤና ኬላ እስከ ዲላ ሆስፒታል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ያንን መንገድ ሕፃኑ በሕይወት የሚሻገረው ሞቆና ጠብቶ ከሄደ ነው።

የጎቲቲ እናቶች ከቤታቸው ሲወጡ ብዙ ነገር ጥለው ሄደዋል። ደረታቸው ግን አብሯቸው ነበር። ያንን ደረት ሌላው ሰው ሊደግፈው ይገባል፤ እናትን በማብላት፣ የቤት ሥራዋን በመቀበል፣ «ወተትሽ አይበቃም» ከማለት በመቆጠብ። አባቶች፣ አማቶች፣ ጎረቤቶች፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አራስ ካለች ይህን አንብቡላት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ስትሏት ገንፎውንም ይዛችሁ ሂዱ።

መልካም ጤና!