በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የተገኘው ዘረመል

አንዲት እናት፣ እህቷና ልጇ በየተራ በካንሰር ቢያዙ ምን ትላላችሁ? አጋጣሚ ነው ወይስ የሚወረስ ነገር አለ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በርካታ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ውስብስብ በሽታ በአንድ ዘረመል ይወረሳል የሚለውን ሐሳብ አይቀበሉም ነበር።

አሜሪካዊቷ ሜሪ ክሌር ኪንግ ግን ፍለጋውን አልተዉም። ዘዴያቸው የተበላሸ የመብራት መስመር እንደመፈለግ ነው፤ ቴክኒሻን ከተማውን ሁሉ አይቆፍርም፣ መብራት የጠፋባቸው ቤቶች የሚጋሩትን መስመር ያጣራል። እሳቸውም 146 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የነበሩባቸውን 23 ቤተሰቦች መረመሩ። በ1990 በለጋ ዕድሜ ሕመሙ የታየባቸው ቤተሰቦች የሚጋሩትን ቦታ ክሮሞዞም 17 ላይ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ይኸው ቦታ ከኦቫሪ ማለትም ከእንቁልጢ ካንሰር ጋርም እንደሚገናኝ አሳዩ። በ1994 ማርክ ስኮልኒክ የመሩት ቡድን ዘረመሉን ራሱን ለየው፤ ብራካ 1 ይባላል። ብራካ 2 በ1995 ተከተለ። ስማቸው የወጣው ከጡት ካንሰር ስለሆነ ኦቫሪን ያስረሳል።

ለመሆኑ ብራካ ሥራው ምንድን ነው? ጥገና ነው። የዲኤንኤ ሁለቱም ክሮች ሲበጠሱ ይጠገን ዘንድ ይረዳል። ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ተበላሽቶ ቢወረስም ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። በአንድ ሴል ውስጥ ያ መጠባበቂያም ከተበላሸ ግን ስህተት እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ካንሰር የሚጀምረውም እንዲህ ነው። የተበላሸ ብራካ 1 ከወረሱ 100 ሴቶች 40 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የኦቫሪ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል፤ ከሌሎች ሴቶች ግን ከ100 አንዷን ያህል ነው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች አንድ ነገር አስተዋሉ። ብራካ የሌለው የካንሰር ሴል በሕይወት የሚቆየው ፓርፕ በተባለ ሌላ የጥገና ፕሮቲን ተደግፎ ነው። ፓርፕን ብናግደውስ? የካንሰሩ ሴል ይሞታል፤ ጤነኛው ሴል ግን የራሱ ብራካ ስላለው ይተርፋል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ኦላፓሪብ በ2014 ለኦቫሪ ካንሰር ሕክምና ፈቃድ አገኘ።

አብዛኛው የኦቫሪ ካንሰር በውርስ አይመጣም። ቢሆንም የቤተሰባችሁን የጤና ታሪክ ስትጠይቁ የእናታችሁን ወገን ብቻ አትጠይቁ። የተበላሸው ቅጂ በአባትም በኩል ይመጣልና ስለ አባታችሁ እናትና እህቶችም ጠይቁ። ያገኛችሁትን ለሐኪም ንገሩ፤ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው።