ሳሎን ውስጥ የተከፈተ ሱቅ

እስኪ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ጓደኛችሁ ቡና ጠርታችሁ፣ ፈንድሻውን እየዘገናችሁ ሳለ አንዲት የማታውቋት ሴት ብድግ ብላ «ይህ መላጫ ድንች እንዴት እንደሚልጥ ላሳያችሁ» ብትላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ግማሾቻችሁ ትስቃላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ መላጫ እያላችሁ፣ ለጓደኛችሁ ስትሉ ብቻ አንድ ትገዛላችሁ። አሜሪካኖች በዚህች «ለጓደኛዬ ስል» ላይ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንብተውባታል። የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩን የጀመሩት ወንዶች ናቸው ብንላችሁ ታምናላችሁ? በ1920ዎቹ የአሉሚኒየም ድስት ሻጮች አንዲት እመቤት ጎረቤቶቿን እንድትሰበስብ ያደርጉና፣ በድስታቸው ምግብ አብስለው አብልተው ትዕዛዝ ይቀበሉ ነበር። በ1931 የተመሠረተው ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ ደግሞ ብሩሽና መወልወያ በዚሁ መንገድ መሸጥ ያዘ። ከስታንሊ ሻጮች አንዷ ብራውኒ ዋይዝ ነበረች፤ ከባሏ ተፋታ አንድ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የዲትሮይት ሴት።

በዚያው ዘመን ኧርል ተፐር የሚባል ሰው አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሠርቶ ሱቅ ለሱቅ ቢደረድረውም ዞር ብሎ የሚያየው አጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ክዳኑን ለመግጠም ጠርዙን ገለጥ አድርጎ መሃሉን በመጫን ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ መደርደሪያ አይናገርም። የሚያሳይ እጅ ይፈልጋል። ብራውኒ ያንን እጅ ሆነች። ሳህኑን ፈሳሽ ሞልታ፣ ከድና፣ በእንግዶቹ ፊት ሳሎኑ ውስጥ ትወረውረዋለች! ጠብ የሚል ነገር የለም። በ1951 ተፐር ዕቃውን ከሱቆች አውጥቶ ሽያጩን ሁሉ ወደ ቤት ግብዣ አዞረና እሷን ምክትል ፕሬዚዳንት አደረጋት። በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1958 መጀመሪያ ላይ ተባረረች። በእጇ አንድም የአክሲዮን ድርሻ አልነበራትም፤ ከስንት ክርክር በኋላ ያገኘችው 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ተፐር በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠው። እኛ ይህን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ሂሳቡ ግን ያው ነው።

ከ22 ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1980፣ ቺካጎ አጠገብ የምትኖር ዶሪስ ክሪስቶፈር የምትባል የ35 ዓመት ሴት ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች። ሆም ኢኮኖሚክስ ተምራለች፣ አስተምራለችም። ሁለት ሴት ልጆች ስላሏት ሰዓቱን እሷ የምታዘው ሥራ ነው የምትሻው። ለሰው ድግስ ማዘጋጀት አስባ ነበር፤ ግን ቅዳሜና እሁድ ይበላባታል። «ለምን የወጥ ቤት ዕቃ በግብዣ አትሸጪም?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከባሏ ነው። እሷ ደግሞ እንዲህ ያሉ ግብዣዎችን አትወድም ነበር። ይሉኝታ ይዟት ከገዢዎቹ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናትና፣ ብልሃቱ ሁሉ ከዚህ ጥላቻ የመጣ ይመስለናል።

አሁን ዝግጅቱን እዩት። በሕይወት ኢንሹራንስ ላይ 3,000 ዶላር ተበደረች። ሱቅ አልተከራየችም፤ መጋዘኗ የቤቷ ምድር ቤት ነው። መርቻንዳይዝ ማርት ወደሚባለው ግዙፍ የቺካጎ የጅምላ ገበያ ሄዳ ዕቃ መረጠች። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፦ እንግዶቹ ፊት ቆሞ ምን ማለት ነው? መልሷ የአስተማሪ መልስ ነበር። ዕቃውን ከማወደስ ይልቅ ምግብ ትሠራበታለች፤ እንግዶቹም ራሳቸው ይዘው ይሞክሩታል፤ መጨረሻ ላይ የተሠራው ይበላል። ባይገዙ እንኳ አንድ ነገር ተምረውና ቀምሰው ይሄዳሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ፓርቲ» የሚለውን ትታ የወጥ ቤት ትዕይንት ያለችው።

ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ከባዱ ነገር ቢላና መክተፊያ መሸከም ይመስለዋል። ከባዱስ የምግቡ ምርጫ ነው። አንድ ምሽት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ መላጫውም፣ መፈቅፈቂያውም፣ መጋገሪያውም ተራ ሊደርሳቸው ይገባል፤ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃው እንዴት እንደሚነድ አታውቁም። ጋባዧም አለች። ቤቷን የከፈተችው፣ እንግዶቹን የጠራችው፣ ስሟን ያስያዘችው እሷ ናት፤ ዋጋዋም በሽያጩ መጠን የምታገኘው ዕቃ ነው። ከእንግዶቹ መካከል «ቀጣዩ እኔ ቤት ይሁን» የሚል ካልተገኘ ግን ሻጯ በሚቀጥለው ሳምንት የምትሄድበት የላትም። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ የተፐርዌርን ግብዣ ሲተነትን፣ እውነተኛዋ «ግዙ» ባይ ፊት ለፊት የቆመችው ሻጭ ሳትሆን ጥግ ላይ ተቀምጣ ሻይ የምትቀዳው ጓደኛ ናት ይላል። እውነቱን ነው። እዚህ ላይ እኛም ትንሽ ይቆረቁረናል፦ ወዳጅነት በደረሰኝ ሲቆረጥ ደስ አይልም። ዶሪስ ይህን ይሉኝታ አላጠፋችውም፤ ግን ቢያንስ እራት አበላችበት።

ጥቅምት 1980 ላይ ዕቃዋን መኪና ላይ ጭና ወደ መጀመሪያው ግብዣ ስትነዳ ሆዷ ባር ባር ብሏት፣ «ሁለተኛ እዚህ ነገር ውስጥ አልገባም» እያለች እንደነበር በኋላ ራሷ ተርካዋለች። ስትመለስ ሐሳቧን ቀይራ ነበር። ኩባንያውን ፓምፐርድ ሼፍ አለችው። ከብራውኒ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፦ የራሷ ነበር። በ2002 በወቅቱ ዋረን በፌት ይመራው የነበረው በርክሻየር ሃታዌይ ሲገዛው፣ ከገዢው ጋር ቁጭ ብላ የተደራደረችው እሷው ናት።

ተፐርዌርስ? በ2022 ዕቃውን ታርጌት በተባሉት ትልልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ መለሰው፤ ከ71 ዓመት በፊት «አይሸጥም» ብሎ ወዳወረደበት መደርደሪያ። በመስከረም 2024 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ቀረበ።